የማይተኛው ላፕቶፕና የቦይለር ተረኛው አባቴ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተርና የኔትወርክ አገልግሎት መምሪያ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የመምሪያዎ ባልደረቦች፣ እንዲሁም በቢሮዎ መስኮት ላይ ተደርድረው ከሠራተኛው ሁሉ የተሻለ እንክብካቤ የሚደረግላቸው አበቦችዎ እንደምን ከረማችሁ? ጤናችሁ ይብዛ፤ የበላችሁት ይስማማችሁ፤ ከሁሉም በላይ እንቅልፋችሁ የሰላም ይሁን። ይህ የመጨረሻው ምኞቴ ከአንገት በላይ እንዳይመስልዎት፤ እንቅልፍ ከጠፋበት ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ከዚህ የበለጠ የሚመኘው ነገር ስለሌለው ነው።

እኔ በኅትመት ክፍል የጽሑፍ አራሚ ነኝ። እርስዎ የሚያወጧቸውን ማስታወቂያዎች ለሠራተኛው ከመሠራጨታቸው በፊት ነጥብና ሰረዛቸውን የማስተካክለው እኔ ስለሆንኩ፣ በአካል ባንገናኝም በጽሑፍ በደንብ እንተዋወቃለን ለማለት እደፍራለሁ። ሥራዬን ከቤቴ ሆኜ እንድሠራ የተፈቀደልኝ አባቴ ከእኔ ጋር ስለሚኖርና፣ የማስታወስ ኃይሉ እየከዳው በመምጣቱ ብቻውን ሊተው ስለማይችል ነው። ለዚሁ ተብሎ መምሪያዎ አንድ ላፕቶፕ ሰጥቶኛል። ስለ ላፕቶፑ ያለኝ ምስጋና በአንድ መስመር የሚያልቅ ባለመሆኑ ይኸው ይህን ያህል ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ደብዳቤውን በየፎቁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌም እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በደንቡ መሠረት ለእርዳታ ክፍልዎ ደጋግሜ ጽፌያለሁ፤ በጻፍኩ ቁጥርም ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ "መልእክትዎ ደርሶናል" የሚል መልስ ደርሶኛል። "አንብበነዋል" ብሎ መዋሸት ሲቻል "ደርሶናል" ብሎ መወሰን የሐቀኛ መምሪያ ምልክት ነው፤ ለዚህም አክብሮቴ ከፍ ያለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ላፕቶፑ አይተኛም። ሥራዬን ስጨርስ ክዳኑን እከድነዋለሁ። የላፕቶፕ ወግ ሲከደን ጸጥ ማለት ነው፤ ማራገቢያው ይቆማል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ሰውም ዞር ብሎ ወደ ራሱ ጉዳይ ይሄዳል። የእኔው ግን አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይልና፣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ብድግ ይላል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ሆዱ እጅ እስከማያስነካ ድረስ ይግላል። እንደገና ዝም፣ እንደገና ብድግ፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው፤ ማታውም ከቀኑ አይሻልም። በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ይህ ትራስ ጆሮ ላይ ደርቦ የሚታለፍ ትንሽ ነገር ነበር። በእኛ ቤት ለምን እንዳልሆነ ለማስረዳት አባቴን ላስተዋውቅዎ ይገባል።

አባዬ የሥራ ዘመኑን በሙሉ ያሳለፈው በሳሙና ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ውስጥ ነው። ቦይለር ማለት ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን ለፋብሪካው ሁሉ የሚያድል ትልቅ የብረት ጋን ነው፤ ውሃው ሳይታይ ካለቀ ወይም ግፊቱ ከበዛ ይፈነዳል። አባዬ ገና ወጣት ሳለ አንድ ተረኛ ተተኪው እስኪመጣ ሳይጠብቅ ጥሎ ወጣ። ቦይለሩ ፈነዳ፤ አመድ ሊጠርግ የገባ የአባዬ የልብ ጓደኛም እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ የቦይለር ክፍሉ ሰዎች ማንም ያልጻፈው ሕግ አወጡ። የሚወጣው ተረኛ የውሃውን፣ የእሳቱንና የግፊቱን ነገር በቃሉ ይናገራል፤ የሚገባው ደግሞ መዳፉን ከብረቱ ላይ አሳርፎ "ተረክቤያለሁ፤ ሂድ ተኛ" ይላል። ይህ ቃል ሳይባል ከዚያ ክፍል የወጣ ሰው በፋብሪካው ግቢ ሰላም የሚለው አያገኝም ነበር። አባዬ ተተኪው ታሞ ሲቀር ፈረቃ በፈረቃ ላይ ደርቦ ስለሚቆም ባልደረቦቹ "ምሰሶው" እያሉ ይጠሩት ነበር።

ዛሬ ምሰሶው ብዙ ነገር ረስቷል። ስሜን ረስቷል፤ እናቴ መሞቷን ረስቷል፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር በየት በኩል እንደሆነ አንዳንዴ ይጠፋዋል። የሚሠራ ማሽን ተረካቢ ሳይመጣ ተጥሎ እንደማይኬድ ግን አልረሳም። ላፕቶፕዎ ጠረጴዛው ላይ ሲያጓራ በሰማ ቀን ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ፤ መዳፉን ክዳኑ ላይ አድርጎ ሙቀቱን ለካ፤ መብራቱን አየ፤ ራሱንም ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ በገዛ ፈቃዱ ከዚያ ወንበር አልተነሳም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን ጊዜዎን በማክበር በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለተሰጠኝ ምክር። የእርዳታ ክፍልዎ መጀመሪያ ላፕቶፑን አጥፍቼ እንዳበራ መከረኝ፤ "ዳግም አስነሣ" የሚለውን ስጫን ተነሣ፤ አሁንም አልተኛም። ቀጥሎ ማውሱን እንድነቅል አዘዘኝ፤ ማውስ የለኝም ብዬ ብጽፍ "ማውሱን ነቅለው ውጤቱን ያሳውቁን" አለኝ። ከዚያ ወዲያ የኃይል ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ የመተኛ ሰዓቱን ራሴ እንዳስተካክል ተነገረኝ። ገባሁ። ቅንብሩ ግራጫ ሆኖ፣ ከሥሩም "ይህ ምርጫ በመሥሪያ ቤትዎ ተቆልፏል" የሚል ጽሑፍ አለ። እንዲከፈትልኝ ስጠይቅ መሥሪያ ቤቴን እንዳነጋግር ተመከርኩ። መሥሪያ ቤቴ እናንተ ናችሁ ብዬ ጻፍኩ፤ ደረሳቸው። ሠራተኛን ደጅ ሳያስጠኑ፣ በቢሮዎ ሶፋም ላይ ሳያስቀምጡ፣ በገዛ ቤቱ ላይ ታች ማስባል የሚቻልበትን ዘዴ በመፍጠርዎ መምሪያዎ ሊመሰገን ይገባዋል።

በዚህ መሐል የአባዬ እግሮች ማበጥ ጀመሩ። ጫማው አልገባ አለ። ሾርባ በማንኪያ ሳጎርሰው ዐይኑን ከመብራቱ ላይ አያነሳም። አንገቱ ዘንበል ሲል ይባንንና ለማላየው አለቃ ይቅርታ ይጠይቃል። ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ መጥታ እግሩን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችና፣ ይህ ሰው ጀርባውን አልጋ ላይ ካላሳረፈ ልቡ አይችለውም አለችኝ። ላፕቶፑን ቁም ሣጥን ውስጥ ብደብቀው ወንበሩን ቁም ሣጥኑ ፊት አደረገ። መብራቱን በፕላስተር ብሸፍነው በጆሮው ጠበቀው። አንጀቴን እየበላኝ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ሁለተኛ፤ ስለ ፎቶው። የእርዳታ ክፍልዎ "አልተኛም ያለውን ኮምፒውተር በግልጽ የሚያሳይ ፎቶ" እንድልክ ጠየቀ። የማራገቢያ ጩኸት እንዴት ፎቶ እንደሚነሣ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ አባቴን ከላፕቶፑ አጠገብ እንደተቀመጠ፣ መዳፉ ክዳኑ ላይ እንዳለ፣ ዐይኖቹ እንደቀሉ አነሣሁት፤ ፊቱ ከእኔ ቃል የተሻለ ያስረዳል ብዬ ነው። መልሱ ሳይዘገይ መጣ፦ "በላኩት ፎቶ ላይ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌለው ግለሰብ ስለሚታይ፣ እባክዎ ግለሰቡን ከምስሉ አስወግደው በድጋሚ ይላኩ።" ክቡር ሆይ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር በአራሚ ዐይን ደጋግሜ አነበብኩት፤ አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። የጻፈውን ሰው የሚያውቁት ከሆነ አድናቆቴን ያድርሱልኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ማጥፊያው ቁልፍ። ይህን ሁሉ ከምታለቃቅሺ ለምን ጨርሰሽ አታጠፊውም የሚል ሰው አይጠፋም፤ ታላቅ ወንድሜም ከሚኖርበት ሩቅ ከተማ ደውሎ ያለኝ ይህንኑ ነው። እርስዎ ግን መልሱን ያውቁታል፤ ምክንያቱም ማንኛውም ሠራተኛ መምሪያው ማሻሻያ የሚጭንበትን ኮምፒውተር ማጥፋት እንደማይችል የሚያዘውን ማስታወቂያ የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ ሰረዙን ያስተካከልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ቢሆንም የእግሩ ነገር ሲብስብኝ አንድ ቀን ትእዛዝዎን ጣስኩ። ከሰዓት በኋላ፣ አባዬ እያየ፣ ቁልፉን ጫን ብዬ ያዝኩት። ማራገቢያው ቆመ። መብራቱ ጠፋ።

የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል። አባዬ ከወንበሩ ተወረወረ ማለት ይቀላል። በዚያ ባበጠ እግሩ ቆሞ፣ ክዳኑን በጥፍሮቹ ለመክፈት እየታገለ፣ "ማን ዘጋው? ውስጥ ሰው አለ። ውስጥ ሰው አለ እኮ" አለ። ከዚያ በፊት ከአፉ ሰምቼው የማላውቀውን የዚያን የሞተ ጓደኛውን ስም እየጠራ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማሽን በድንገት ዝም ሲል ለእርሱ ትርጉሙ ያ ብቻ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ወዲያው መልሼ አበራሁት፤ ማራገቢያው ሲነሣ ጉንጩን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። በማግስቱ ያለ ፈቃድ ኮምፒውተር በማጥፋቴ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ከመምሪያዎ ደረሰኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ መምሪያዎ ሳይጠየቅ በራሱ የሠራው ብቸኛ ሥራ ይህ በመሆኑ ቅልጥፍናውን ሳላደንቅ አላልፍም።

እዚህ ላይ በቅሬታነት የማልቆጥረው አንድ ነገር አለ፤ ካልነገርኩዎት ግን የደብዳቤዬ ፍሬ ነገር አይገባዎትም።

ከማስጠንቀቂያው በኋላ ራሴ ተረኛ ለመሆን ሞከርኩ። መዳፌን ክዳኑ ላይ አድርጌ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ "ተረክቤያለሁ፤ ሂድ ተኛ" አልኩት። አባዬ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። "አንቺ እኮ የማሸጊያ ክፍል ነሽ" አለኝ፤ "እዚህ ሙቀት ላይ ምን አመጣሽ?" እናቴ ሥራ የጀመረችው እዚያው ፋብሪካ፣ ሳሙና በወረቀት ከሚጠቀለልበት ከማሸጊያ ክፍል ነው። መልኬ እርሷን ይመስላል ይሉኛል። እርሷ ነሽ ግን አላለኝም፤ ከሴቶቹ አንዷ አድርጎ ነው የያዘኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፁን ዝቅ እያደረገ መስኮቱ ሥር ስለምትቀመጠው ልጅ ይጠይቀኝ ጀመር። ደህና ናት ወይ? ዛሬ መጥታለች? ስሙን አንሥታ ታውቃለች?

አባቴና እናቴ ስለ ወጣትነታቸው የሚያወሩ ሰዎች አልነበሩም። ከማሸጊያ ክፍል እንደመጣሁ ሠራተኛ ሆኜ ከጎኑ ስቀመጥ ግን ልጁ ሆኜ ያልሰማሁትን ሁሉ ሰማሁ። እርሷን ለማየት ሲል ባዶ ባልዲ አንጠልጥሎ በማሸጊያ ክፍሉ በር ይመላለስ እንደነበር፣ አንድ ቀንም እርሷ ቀና ሳትል፣ ያ ባልዲ ቀዳዳ ነው ወይ፣ ሁልጊዜ የምትመላለሰው፣ ብላው ሴቶቹ ሁሉ እንደሳቁበት፣ ያን ዕለት ከቦይለሩ ፊት ቆሞ ፊቱ የጋለው ከእሳቱ ይሁን ከእፍረቱ እንዳላወቀ ነገረኝ። ከዚያም መልእክት ይሰጠኛል፦ "ተረኛዬ ሲመጣ ታጥቤ እመጣለሁ በያት።" ተነሥቼ ወጥ ቤት እገባለሁ፤ ቧንቧውን ከፍቼ እቆማለሁ፤ ዐይኔን ታጥቤ ተመልሼ እጠብቀዋለሁ ብላለች እለዋለሁ። እንዲያ ስለው ያ የደከመ ፊቱ ያበራ ነበር። እኔም እናቴ በሌለችበት ቤት የእናቴን መልስ እያመላለስኩ፣ እግሩ እያበጠ መሆኑን እያየሁ፣ አንዳንዴ ደስ ብሎኝ እገኝ ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ጥገናው። በአንድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ፤ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ የመሣሪያ ቦርሳ ያነገበች ቴክኒሻን ቆማለች። የላክሁት ፎቶ ተቀባይነት አጥቶ ሲመለስ አይታው ኖሮ፣ ከሥራ መልስ በራሷ ጊዜ የመጣች ነች። የቤት ለቤት አገልግሎት በመምሪያዎ ክልክል መሆኑን ስለማውቅ ማንነቷን አልገልጽም፤ ሰማያዊ ቱታ የሚለብሱ ባልደረቦች እንደሚበዙልዎትም አምናለሁ። ማን እንደሄደ እያጣሩ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ አይድከሙ፣ መልኳን ረስቻለሁ። በእኛ ቤት መርሳት እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገሩን በር ላይ በሹክሹክታ ነገርኳት። ገብታ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ከአባዬ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። አባዬ ቱታዋን ከላይ እስከ ታች አየ። "ሴት ልከዋል" አለ ለራሱ፤ ቀጥሎም እጅሽ ሙቀት ይችላል ወይ ብሎ ጠየቃት። ይችላል አለችው። ያኔ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ርክክቡን ጀመረ፤ ውሃው ልክ መሆኑን፣ ግፊቱ ቶሎ ቶሎ እንደሚነሣ፣ በዚህ በግራ በኩል ግለቱ እንደሚበዛ፣ ዐይንሽን ከመብራቱ እንዳትነቅዪ ብሎ ነገራት። አንዱንም ቃል ሳታቋርጠው ሰማችው። ሲጨርስ መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈች።

"ተረክቤያለሁ አባባ፤ ይሂዱ ይተኙ" አለችው።

አባዬ ወንበሩን ተደግፎ ተነሣና አልጋው ላይ ተጋደመ። ብርድ ልብሱን ሳልደርብለት ነበር እንቅልፍ የወሰደው። እርሷ ላፕቶፑን ከፍታ ጥቂት እንደቆየች የነገሩ ሥር ተገኘ፤ ላፕቶፑ የማይተኛው ከሁለተኛ ፎቅ ድሮ ተነሥቶ የተጣለውን አሮጌ ማተሚያ እየፈለገ ነው። መምሪያዎ ያን ማተሚያ ከዝርዝሩ መሰረዝ ስለረሳ፣ ምስኪኑ ማሽን በተከደነ ቁጥር ማተሚያው መኖሩን ለማረጋገጥ ይነሣል፤ ያጣዋል፤ እንደገና ይነሣል። ሰረዘችው። ክዳኑ ተከደነ፤ ዝምታው ቤቱን ሞላው። እኔና እርሷ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመን የአባዬን ማንኮራፋት ሰማን፤ ሁለታችንም ዐይናችንን ጠረግን። ወንድሜ ጋ ደውዬ አባዬ ተኛ ብለው ስልኩ ላይ አለቀሰ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከሆነ ምን ቀረሽ፣ ምን ትፈልጊያለሽ ይሉኝ ይሆናል። ወደዚያው ልመጣ ነው።

አባዬ በሚገባ ተኝቶ ተነሣ፤ የእግሩም እብጠት እያደር ጎደለ። ወደ ጠረጴዛው ግን አልመጣም። አንድ ጊዜ ብቻ በአጠገቡ ሲያልፍ ክዳኑን ነካ አድርጎ፣ ቀዝቃዛ መሆኑን ሲያውቅ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው እጁን በሱሪው ላይ ጠርጎ አለፈ። ፈረቃው አልቋል። ካለቀ ደግሞ የሚጠብቀው የለም፤ ታጥቦ የሚሄድበት የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል፤ ከዚያ ይጋደማል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሾርባውን ከንፈሩ ላይ ሳደርስለት አፉን አይከፍትም። ነርሷ ጎረቤታችን አሁን የምትለኝ መብላት አለበት ነው፤ ካልበላ ብዙ አይቆይም ብላኛለች።

ቢጨንቀኝ ከማሸጊያ ክፍል እንደመጣሁ ሆኜ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ያቺ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ልጅ ዛሬ ስላንተ ጠየቀችኝ አልኩት። በዝግታ ዞሮ አየኝ፤ ቤት ተሳስቶ የገባን ሰው በትሕትና እንደሚያዩት ነው ያየኝ።

"የቱ ልጅ?" አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ እናቴ ስትሞት ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩት። ከዚያም ላፕቶፑን አወጣሁና እንደ ድሮው ላስጮኸው ታገልኩ። የድሮውን ማተሚያ መልሼ ልጨምር ብል አልተፈቀደልኝም። እንዳይተኛ ላዝዘው ብል ቅንብሩ ግራጫ ነው። አስቀድሞ እንዳላስተኛው ቆልፋችሁብኝ ነበር፤ አሁን እንዳልቀሰቅሰው ቆልፋችሁብኛል። ዐይኔ እያየ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ እንኳ ደክሞት እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ማራገቢያው ትንፍሽ አይልም። እንዲህ ጤነኛ ማሽን በሕይወቴ አላየሁም።

ስለዚህ ዐይኔን በጨው ታጥቤ የምለምንዎ ይህን ነው፤ ብልሽቱ ይመለስልኝ። ያን የተጣለ ማተሚያ በእኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ መልሳችሁ ጻፉልኝ። የምጠይቀውን ሳላውቅ አይደለም የምጠይቀው፤ እግሩ ሊያብጥ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ስለሆነም አንድ ነገር እጨምራለሁ። ማታ ማታ ቱታ የለበሰ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ወደ ቤቴ ጎራ ብሎ መዳፉን ክዳኑ ላይ እንዲያሳርፍና ያቺን አጭር ቃል እንዲል ይፈቀድልኝ። ቀን ቀን አባዬ ተረኛ ይሁን፣ የሚጠብቃት ልጅ ትኑረው፣ ሾርባውንም በእርሷ ስም ይብላልኝ፤ ሲመሽ ደግሞ የሚረከበው አግኝቶ ይተኛ። አንድን ነገር ሳይታሰብ አበላሽቶ ይህን ያህል ጊዜ ሳያስተካክል ማቆየት የቻለ መምሪያ፣ አውቆ ለማበላሸት ዐቅም ያንሰዋል ብዬ አላምንም።

የዘወትር ማሻሻያዎ የማይቋረጥ፣ አበቦችዎም የማይጠወልጉ እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ በማስታወቂያዎችዎ ሰረዝ ሁሉ ውስጥ የምገኝ ታዛዥ አገልጋይዎ፣ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያዋን በክብር ያስቀመጠች፣

የኅትመት ክፍል ጽሑፍ አራሚ፣ የምሰሶው ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከመምሪያዎ ስልክ ተደወለልኝ። ሰው መስሎኝ ደህና ዋሉ ብል የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ችግርዎ ተፈትቶ ከሆነ አንድን ይጫኑ፣ ካልተፈታ ሁለትን ይጫኑ አለኝ። ሁለትን ተጫንኩ። አባዬ ከግድግዳው ዞሮ ማነው የደወለው አለኝ። ሌላ ምን እንደምል ስላልመጣልኝ "ከሥራ ቦታ ነው" አልኩት። ተነሥቶ ተቀመጠ። "ፈልገውኛል?" አለኝ፤ አዎ አልኩት። የተቀዳው ድምፅ በጆሮዬ ጉዳይዎ ተዘግቷል፣ ስለተጠቀሙብን እናመሰግናለን ብሎ ጠፋ። አባዬ ግን ሾርባውን ጠየቀኝ፤ ሁሉንም ጠጣው፤ ጫማውም ገባለት። አሁን ኮቱን ለብሶ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የፋብሪካውን ሰርቪስ እየጠበቀ ነው፤ ሲመጣ እንድጠራው አደራ ብሎኛል። ሰርቪሱ እንደማይመጣ የሚነግረው ሰው ካለዎት ይላኩልኝ፤ እኔ አልቻልኩም።